«ይችላል» የምትለዋን ቃል መልሱልን፦ ለጅማ የማኅበራዊ ገጽ አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

ለጅማ ከተማና አካባቢዋ የቴሌግራም ቻናል፣ የፌስቡክ ገጽና የቲክቶክ አዘጋጆች
ጅማ

ጉዳዩ፦ የሕክምና ምርምር ዜና ወደ አማርኛ ሲመለስ በመንገድ ላይ ስለሚወድቁ ቃላትና ቁጥሮች

ጤና ይስጥልን።

ይህን ደብዳቤ የምንጽፍላችሁ ጅማ ውስጥ በፋርማሲ፣ በላቦራቶሪና በኅብረተሰብ ጤና የምንሠራ ባለሙያዎች ነን። የመጣነው ለወቀሳ አይደለም። ስለ አዲስ መድኃኒት፣ ስለ ክትባት ወይም ስለ ወረርሽኝ የሚወራው ነገር ለከተማው ሰው ቀድሞ የሚደርሰው በእናንተ በኩል ነው። ሐሙስ ገበያ የወጣ ሰው የሚኒስቴሩን መግለጫ ሳያይ የእናንተን ልጥፍ አይቷል። ስለዚህ ሥራችሁ የእኛም ሥራ ነው።

ልንላችሁ የፈለግነው አንድ ነገር ነው። የሕክምና ዜና ብዙውን ጊዜ ውሸት ሆኖ አይነሳም። ሲነሳ እውነት ነው። ሲተረጎም አንድ ቃል ይወድቃል፤ ለርዕስ ሲያጥር ሌላ ይወድቃል፤ ሦስተኛው ገጽ ጋ ሲደርስ የቀረው ተስፋው ወይም ፍርሃቱ ብቻ ነው።

አንድ ዓረፍተ ነገር ወስደን እንየው። መጀመሪያ የተጻፈው እንዲህ ነው እንበል፦ «የስኳር በሽታ እንዲይዛቸው የተደረጉ አይጦች የጥቁር አዝሙድ ዘይት ሲሰጣቸው የደም ስኳራቸው ቀንሷል፤ በሰው ላይ ከተረጋገጠ ወደፊት ለሕክምና ሊያግዝ ይችላል።» የመጀመሪያው ተርጓሚ ርዕስ ሲያወጣለት «ጥቁር አዝሙድ የደም ስኳርን ሊቀንስ እንደሚችል ጥናት አመለከተ» አለው። አይጦቹ ወጡ። ሁለተኛው ገጽ «ጥቁር አዝሙድ የደም ስኳርን ይቀንሳል» አለ። «ሊ» እና «ይችላል» ወጡ። ሦስተኛው ፎቶ ላይ በትልልቅ ፊደል «ስኳር ያለባችሁ፣ ጥቁር አዝሙድ ተጠቀሙ!» ብሎ ጻፈ። አሁን ጥናቱ ራሱ የለም። ከሦስቱ ማንም አልዋሸም። ሆኖም በመጨረሻ ያነበበው ሰው ኢንሱሊን የሚወጋ ሊሆን ይችላል። የአንደኛው ዓይነት ስኳር ታማሚ ኢንሱሊኑን ካቆመ በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ ደሙ አሲድ እየበዛበት ማስመለስ ይጀምረዋል፤ ትንፋሹ ይፈጥናል፤ ቶሎ ካልታከመ ራሱን ይስታል።

ስለዚህ የመጀመሪያው ልመናችን የሰዋስው ነው። እንግሊዝኛው «ሜይ» ወይም «ኩድ» ካለ አማርኛው «ሊ… ይችላል» ይበል፤ ርዕስ ላይም ጭምር። ርዕሱ ረዘመ ብላችሁ የምትቆርጡ ከሆነ ሌላ ነገር ቁረጡ። «ሊንክድ ቱ» ሲል «ጋር ተያይዞ ታይቷል» እንጂ «ያመጣል» አይደለም። «ትሪትመንት» ሕክምና ነው፤ «ኪዩር» ፈውስ ነው፤ ሁለቱ አይምታቱ። የግፊት ክኒን ሕክምና ነው፣ ግን ሰውየው ከግፊት ተፈወሰ አይባልም። «ቫክሲን» ክትባት ነው፤ በመርፌ የሚሰጥ ሁሉ ግን ክትባት አይደለም። ከሁሉ በላይ የሚያሳስተው «ሲግኒፊካንት» የሚለው ቃል ነው። በጋዜጣ እንግሊዝኛ «ከፍተኛ» ማለት ነው፤ በምርምር ጽሑፍ ውስጥ ግን «ልዩነቱ በአጋጣሚ ብቻ የመጣ አይመስልም» ማለት ነው፤ ትልቅ ነው ማለት አይደለም። ብዙ ሺህ ሰው ላይ ከተሞከረ የደም ግፊትን ከ150 ወደ 148 ያወረደ ነገርም «ሲግኒፊካንት» ሊባል ይችላል። ታማሚው ግን ልዩነቱ አይታወቀውም። «ከፍተኛ ለውጥ አመጣ» ብላችሁ ስትተረጉሙት ግን የያዘውን ክኒን አስጥላችሁት ልትሆኑ ትችላላችሁ።

«የኤድስ መድኃኒት ተገኘ» የሚለውን እንውሰድ። በየጊዜው ይመጣል፤ በቅርቡ የመጣው ግን እውነተኛ ሥር ነበረው። ሌናካፓቪር የሚባል መርፌ በደቡብ አፍሪካና በኡጋንዳ ከ16 እስከ 25 ዓመት ባሉ ሴቶች ላይ ተሞክሮ ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2024 ይፋ ሆነ። መርፌውን ከወሰዱት 2,134 ሴቶች አንዷም ኤችአይቪ አልያዛትም። በየቀኑ የሚዋጠውን ትሩቫዳ የተባለ የመከላከያ ክኒን ከተሰጣቸው 1,068 ደግሞ 16 ተያዙ። በጣም ትልቅ ዜና ነው፤ እኛም ደስ ብሎናል። ነገር ግን መርፌው የተፈቀደው ቫይረሱ የሌለበት ሰው እንዳይያዝ ነው። ከመጀመሪያው መርፌ በፊት ምርመራ ግድ ነው፤ በመጀመሪያውና በሁለተኛው ቀን አብሮ የሚዋጥ ክኒን አለ፤ ከዚያ በየስድስት ወሩ ይደገማል። የሚወጋው ከሆድ ቆዳ ሥር ነው። ክትባት አይደለም፤ ካቆሙት መከላከሉ ይቀራል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በሰኔ ወር 2025 ለዚህ አገልግሎት ፈቀደው፤ የዓለም ጤና ድርጅት ደግሞ በቀጣዩ ወር መከረው። እ.ኤ.አ. በመስከረም ወር 2025 በተደረሰ ስምምነት መሠረት ርካሹ ቅጂ እ.ኤ.አ. ከ2027 ጀምሮ በ120 አገሮች ለአንድ ሰው በዓመት 40 ዶላር ገደማ ይቀርባል ተብሏል።

አሁን ይህን ሁሉ ወደ «የኤድስ መድኃኒት ተገኘ» ስታሳጥሩት የሚያነበው ማን እንደሆነ አስቡ። በቀን አንድ ክኒን የሚውጥ፣ ቫይረሱ በምርመራ የማይታይበት ደረጃ የደረሰ፣ በክኒኑ የሰለቸ ሰው ነው። «እንግዲህ ከተገኘ» ብሎ ክኒኑን ካቆመ ቫይረሱ በሁለት፣ ሦስት፣ አራት ሳምንት ውስጥ ተመልሶ ይበዛል። ትክክለኛው ርዕስ ያን ያህል ረጅም አይደለም፦ «ኤችአይቪ የሌለበትን ሰው በዓመት ሁለት መርፌ ከመያዝ ይከላከላል»። ከሥሩ አንድ መስመር ጨምሩ፦ «ሕክምና ላይ ያላችሁ ክኒናችሁን አታቁሙ»። ይህች መስመር ከዜናው ሁሉ ትበልጣለች።

ወደ ፐርሰንት እንሂድ። «በእጥፍ ይጨምራል»፣ «በ100 ፐርሰንት ከፍ ያደርጋል» የሚል ነገር ስታዩ ሌላ ነገር ሳትሠሩ «ከስንት ወደ ስንት?» ብላችሁ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት ወር 1995 የብሪታንያ የመድኃኒት ደኅንነት ኮሚቴ አንዳንድ የወሊድ መከላከያ ክኒኖች በደም ሥር ውስጥ ደም የመርጋትን ዕድል በእጥፍ እንደሚጨምሩ አስታወቀ። እውነት ነበር። የነበረው ከ7,000 ሴቶች በአንዷ ነው፤ የሆነው ከ7,000 በሁለቱ። አንድ ሴት ናት የጨመረችው። «በእጥፍ» የሚለውን የሰሙ ብዙ ሴቶች ክኒናቸውን አቆሙ፤ በቀጣዩ ዓመት በእንግሊዝና በዌልስ ፅንስ የማቋረጥ ቁጥር በብዙ ሺህ ጨመረ። እርግዝና ራሱ ደም የማርጋት ዕድሉ ከክኒኑ የሚበልጥ መሆኑን «በእጥፍ» የሚለው ቃል አይናገርም። መነሻው ቁጥር ከምንጩ ውስጥ ካልተገኘ ልጥፉን አሳድሩት፤ የሚያልፍባችሁ ነገር የለም።

ስለ ቡና ደግሞ ዝም ብለን ማለፍ አንችልም። ጅማ ላይ ተቀምጦ «ቡና ካንሰር ያመጣል» ብሎ መለጠፍ ድፍረት ነው። ይህም ቢሆን ሥር አለው። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በ1991 ቡናን ከፊኛ ካንሰር ጋር አያይዞ «ሊያመጣ ይችል ይሆናል» ከሚለው ምድብ 2ቢ ውስጥ አስገብቶት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 23 ባለሙያዎች ከ1,000 የሚበልጡ ጥናቶችን አገላብጠው ቡናን ከዚያ ምድብ አወጡት፤ «መረጃው ለመፈረጅ አይበቃም» ወደሚለው ምድብ 3 ወረደ። የድሮዎቹን ጥናቶች ካስቸገሩት ነገሮች አንዱ ብዙ ቡና የሚጠጣ ሰው ብዙ ጊዜ ሲጋራም የሚያጨስ መሆኑ ነው። ቡና፣ ሲጋራና ጫት በአንድ መደብ ላይ የሚቀርቡበት አገር ያለ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም፤ የትኛው ምን እንዳመጣ ለመለየት ቡና ብቻ የሚጠጡትን ለይቶ መቁጠር ያስፈልጋል።

ግን በዚያው ስብሰባ ሌላ ነገር ተወስኗል፤ አሁን የሚዞረው ርዕስም ከሁለቱ መደባለቅ የመጣ ነው። ከ65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ የሆነ ትኩስ መጠጥ፣ ቡናም ይሁን ሻይ ወይም ባዶ ውሃ፣ ለምግብ መውረጃ ቧንቧ ካንሰር «መንስኤ ሳይሆን አይቀርም» በሚለው ምድብ 2ኤ ውስጥ ገባ። ጥፋቱ የሙቀቱ እንጂ የቡናው አይደለም። ጅማ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ስለምታልፍ ውሃ እዚህ የሚፈላው 94 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ከጀበና የወረደ ቡና ከ65 በላይ ነው ማለት ነው። በስኒ ከተቀዳ በኋላ ግን ቶሎ ይወርዳል፤ ስኒ ትንሽና ክፍት ስለሆነ ነው። ቴርሞሜትር አያስፈልግም፦ እየነፉ ካልሆነ የማይጠጣ፣ ከንፈር ሲነካ የሚያቃጥል ቡና ገና ነው። ለአንባቢያችሁ የሚጠቅመው መልእክት ይኸው ነው፤ የመጀመሪያውን ስኒ ጥቂት ደቂቃ ማቆየት። ሌላም መታወቅ ያለበት ነገር፣ እነዚህ ምድቦች የሚለኩት የማስረጃውን ጥንካሬ እንጂ የአደጋውን መጠን አይደለም። በፋብሪካ የተቀነባበረ ሥጋና ሲጋራ ሁለቱም ምድብ 1 ናቸው፤ እኩል ይገድላሉ ማለት ግን አይደለም። «ቋሊማ እንደ ሲጋራ ይገድላል» የሚለው ርዕስ የተወለደው ከዚህ ነው።

አሁን በእኛ አገር ብቻ የሚያጋጥም አንድ ችግር እናንሳ። ዘንድሮ 2018 ነው። የፈረንጆቹ 2018 ደግሞ ካለፈ ብዙ ዓመቱ ነው። ከስምንት ዓመት በፊት የተነሳ፣ «2018» የሚል የተጻፈበት የዜና ፎቶ ዛሬ ቴሌግራም ላይ ቢወጣ አንባቢው የዘንድሮ ነው ብሎ ነው የሚያነበው። እ.ኤ.አ. ኦገስት 1 ቀን 2018 በኮንጎ ሰሜን ኪቩ የኢቦላ ወረርሽኝ ይፋ ሆኖ ነበር። በእኛ ሐምሌ 25 ቀን 2010 ዓ.ም. ማለት ነው፤ ወረርሽኙም እ.ኤ.አ. በ2020 አብቅቷል። ያንን ምስል ያለ ቀን ማብራሪያ መለጠፍ ዛሬ አዲስ የኢቦላ ወረርሽኝ ተነሳ ብሎ ከማወጅ አይለይም። ሐሰት የለበትም፤ እያንዳንዱ ፊደል ትክክል ነው፤ የጎደለው «እ.ኤ.አ.» የምትለው ሦስት ፊደል ናት።

ስለዚህ ዓመተ ምሕረት በጻፋችሁበት ሁሉ «ዓ.ም.» ወይም «እ.ኤ.አ.» ጨምሩ። ለመመለስ፣ ከእኛ መስከረም 1 እስከ ፈረንጆች ዘመን መለወጫ ድረስ ከእነሱ ዓመት 7 ትቀንሳላችሁ፤ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8። ኦገስትን «ነሐሴ» ብሎ መተርጎምም ያሳስታል፤ የኦገስት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ገና ሐምሌ ናቸው። ትክክለኛውን ቀን ለመለወጥ ጊዜ ካጣችሁ «ኦገስት» ብላችሁ ተዉት፤ ማንም አይሰናከልበትም። ሰዓት ላይም እንዲሁ ነው፦ የእንግሊዝኛ መመሪያ ላይ «8 ኤኤም» ተብሎ የተጻፈው በእኛ ጠዋት 2 ሰዓት ነው።

የቦታ ስምም ራስ ምታት ነው። ኅዳር 5 ቀን 2018 ዓ.ም. የጤና ሚኒስቴር በደቡብ ኢትዮጵያ ክልል ጂንካ ላይ የማርበርግ ቫይረስ መከሰቱን አረጋገጠ፤ በአገራችን የመጀመሪያው ነው። ጂንካና ጅማ በላቲን ፊደል ሲጻፉ ሁለቱም አምስት ፊደል ናቸው፤ የሚለያዩትም በሁለት ፊደል ብቻ ነው። የውጭ ገጽ ላይ በፍጥነት ያነበበ ወይም በማሽን ያስተረጎመ ሰው በቀላሉ ሊያምታታቸው ይችላል። የወረርሽኝ ዜና ከለጠፋችሁ ክልሉን፣ ከተማውንና የተረጋገጠበትን ቀን ጻፉ፤ «የተጠረጠረ» እና «በላቦራቶሪ የተረጋገጠ» የሚሉትን አትደባልቁ። እንዴት እንደሚተላለፍም አብራችሁ ጻፉ። ማርበርግ የሚተላለፈው በታመመ ወይም በሞተ ሰው ደም፣ ትውከትና ሌላ የሰውነት ፈሳሽ ንክኪ ነው፤ ሰውየው ምልክት ሳያሳይ አያስተላልፍም፤ ምልክቱ ከተጋለጡ ከ2 እስከ 21 ቀን ባለው ጊዜ ይታያል። ወረርሽኙ አበቃ የሚባለው የመጨረሻው ታማሚ ነፃ ከሆነ በኋላ 42 ቀን፣ ማለትም የ21 ቀኑ እጥፍ፣ አዲስ ታማሚ ሳይገኝ ሲያልፍ ነው። እነዚህ ቁጥሮች ያሉት ልጥፍ ሰውን ጥንቁቅ ያደርጋል፤ «ገዳይ ቫይረስ ገባ» የሚለው ግን ለወባ አጎበር የተያዘውን ገንዘብ ጭንብል ያስገዛበታል።

አጎበርን ካነሳን የወባ ክትባትንም እንንካው። በዓለም ጤና ድርጅት የተመከሩት ሁለቱ ክትባቶች፣ አርቲኤስኤስ እ.ኤ.አ. በ2021 እና አር21 በ2023፣ ለሕፃናት ናቸው፤ ከአምስት ወር ዕድሜ ገደማ ጀምሮ አራት ጊዜ ይሰጣሉ። የተሠሩትም ፋልሲፓረም ለሚባለው የወባ ዓይነት ነው። እዚህ አካባቢ ግን ቫይቫክስም በብዛት አለ፤ በጉበት ውስጥ ተኝቶ ቆይቶ የሚመለሰው እሱ ነው። «የወባ ክትባት ተገኘ፣ አጎበር ሊቀር ነው» ብሎ የሚጽፍ ሰው ለዚህ አገር አልጻፈም። የቫይቫክስ ታማሚ በሐኪም ትእዛዝ የሚወስደውን የ14 ቀን ፕሪማኪን ትኩሳቱ ስለጠፋ ብቻ በአምስተኛው ቀን ካቆመው ወባው ተመልሶ ሊነሳበት ይችላል። እሱም ሌላ የመዋጥ ችግር ነው፣ ግን የዜና ርዕስ ሊያባብሰው ይችላል።

«ሳይንቲስቶች አገኙ» ከሚለው እስከ ከተማችን ፋርማሲ መደርደሪያ ድረስ ስንት በር እንዳለ ለአንባቢ መንገሩ በራሱ ጥሩ ልጥፍ ይሆናል። መጀመሪያ በላቦራቶሪ ሳህን ላይ ነው። እዚያ ነጭ ሽንኩርትም፣ በረኪናም፣ አረቄም የካንሰር ሴል ይገድላሉ፤ ወደ ደም ሥር የምናስገባው የለም። ቀጥሎ አይጥ። ከዚያ ሰው፦ አንደኛው ምዕራፍ በ20 እስከ 100 ሰው ላይ ደኅንነቱንና መጠኑን ያያል፤ ሁለተኛው በጥቂት መቶ ሰው ላይ ይሠራ እንደሆነ ይፈትሻል፤ ሦስተኛው በመቶዎችና በሺዎች ላይ ካለው ሕክምና ጋር ያወዳድራል። አንደኛው ምዕራፍ ከገቡት መድኃኒቶች ወደ ዘጠኝ አሥረኛው ገደማ መንገድ ላይ ይቀራል። ያለፈውም በኢትዮጵያ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን መመዝገብ፣ በመድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት መገዛት፣ ጅማ ባለው ቅርንጫፍ በኩል ወደ ጤና ተቋም መውረድ አለበት። ልጥፉ ላይ «አሁን ያለው ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ነው» ብላችሁ ብትጨምሩ ታማሚው ነገ ጠዋት ፋርማሲ ቆሞ በሌለ መድኃኒት አይከራከርም።

ይህን ስንል የአገር መድኃኒት ይናቅ ማለታችን አይደለም። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 አድዋ ላይ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ያሉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። ቀንድ አውጣዋ የቢልሃርዚያ ተሸካሚ ናት። ማየቱ የአንድ ቀን ነገር ነበር፤ ማረጋገጡ ግን የዓመታት ሥራ ጠየቀ፦ የትኛው የእንዶድ ዓይነት፣ በስንት ውሃ ስንት ግራም፣ ቀንድ አውጣውን ሲገድል ሌላውን ፍጡርስ ምን ያደርጋል የሚለውን። ስለ ዳማከሴ፣ ስለ ግራዋ ወይም ስለ ጤና አዳም ስትጽፉ ይህን ጥያቄ አንሱ፦ ምኑ፣ ምን ያህሉ፣ ለማን? «ቀቅሎ መጠጣት» መጠን አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት የወባ ጽላት ከሚሠራበት ተክል የሚፈላውን የአርጤሚስያ ሻይ ለወባ አልመከረም፤ ምክንያቱም ከቅጠል ቅጠል የመድኃኒቱ መጠን ይለያያል፤ ያነሰው መጠን ወባውን ሳይገድል ያለማምደዋል። ጽላቱና ሻይው ከአንድ ተክል መጥተው ውጤታቸው የሚለያየው በዚህ ነው።

መጠን ላይ አንድ ነገር፦ ማይክሮግራምና ሚሊግራም በ1,000 እጥፍ ይለያያሉ። ምልክታቸው በእንግሊዝኛ ስለሚቀራረብ አስተርጓሚ ማሽኖች ይጥሉታል። በራሳችሁ መጠን አትጻፉ፤ የግድ ከሆነ ፋርማሲስት ያንብበው።

የተሻረ ጥናትም አለ። እ.ኤ.አ. ሜይ 22 ቀን 2020 ላንሴት የተባለው መጽሔት ስለ ክሎሮኪንና ሃይድሮክሲክሎሮኪን አንድ ጥናት አወጣ፤ 96,032 የኮቪድ ታማሚ፣ 671 ሆስፒታል። መድኃኒቱ ሞት ያበዛል ይላል። ቁጥሩ የማይካድ መሰለ። ግን መረጃውን ያቀረበው ድርጅት ምንጩን ለማሳየት ባለመቻሉ በ13ኛው ቀን ጥናቱ ተሻረ። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንድ፣ ትልቅ ቁጥር ዋስትና አይደለም። ሁለት፣ መሻሩ ተቃራኒውን እውነት አያደርገውም፦ በማግስቱ ሪከቨሪ የተባለው የብሪታንያ ሙከራ ሃይድሮክሲክሎሮኪንን በዕጣ ለተመደቡ 1,542 ታማሚዎች ሰጥቶ ካልተሰጣቸው 3,132 ጋር ቢያወዳድር ከሞት አላዳነም። ክሎሮኪን እዚህ የቫይቫክስ ወባ መድኃኒት ነው፤ ሰው ለሌላ በሽታ ሲያከማቸው ለወባው ታማሚ ይጠፋል። ለትንሽ ልጅ ደግሞ አንድ ሁለት ፍሬው ሊገድል ይችላል፤ ቤት ውስጥ የሚከማች ነገር አይደለም።

ምንጩን ማየት ከባድ አይደለም። የመድኃኒቱን ስም በላቲን ፊደል ፐብሜድ በሚባለው የሕክምና ጥናቶች መፈለጊያ ድረ ገጽ ላይ ጻፉት፤ ማጠቃለያው በነፃ ይነበባል። ጥናቱ ከተሻረ ከላይ በግልጽ ተጽፎ ይታያል። ማጠቃለያው ውስጥ አራት ነገር ፈልጉ፦ በማን ላይ፣ በስንት ላይ፣ ከምን ጋር ተወዳድሮ፣ ለስንት ጊዜ። «በማን» የሚለው «አይጥ» ከሆነ ርዕሱ «በአይጦች» ብሎ ይጀምር። «በስንት» የሚለው 12 ከሆነ፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ክትባትን ከኦቲዝም ጋር አያይዞ ዓለምን ያመሰውና በ2010 የተሻረው ጥናት የተሠራው በ12 ልጆች እንደነበር አስታውሱ። የሰው ሙከራ ከሆነ የምዝገባ ቁጥር አለው፤ የአሜሪካው በኤንሲቲ ጀምሮ ስምንት አኃዝ ይከተለዋል። ሙሉ ጽሑፉ በክፍያ ከተዘጋ የዩኒቨርሲቲው ቤተ መጻሕፍት ሂናሪ በሚባለው የዓለም ጤና ድርጅት የምርምር ጽሑፍ ማግኛ በኩል ሊያገኘው ይችላል፤ ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚያሳትመው የጤና ሳይንስ መጽሔት ደግሞ ለማንም ክፍት ነው፤ ስለ አካባቢያችን የተጻፈው ብዙው እዚያ አለ። ሰው ሠራሽ አስተውሎትን የምትጠይቁ ካላችሁ፣ የሚሰጣችሁን የጥናት ስም ፐብሜድ ላይ ካላገኛችሁት የለም ብላችሁ ቁጠሩት።

አንድ ቴክኒካዊ ነገር ብዙዎች አያስተውሉትም። ቴሌግራም ላይ የተሳሳተውን ልጥፍ ብታርሙት የታረመው በእናንተ ቻናል ላይ ያለው ብቻ ነው። ወደ ሌላ ግሩፕ የተላለፈው ቅጂ እንዳለ ይቀራል፤ ብታጠፉትም እዚያ አይጠፋም። ስለዚህ ዝም ብሎ ማረም አይበቃም። አዲስ ልጥፍ አውጡ፤ «እርማት» ከሚል ቃል ጀምሩ፤ የመጀመሪያውን ምስል በላዩ ላይ በቀይ ሰርዛችሁ ለጥፉ፤ እውነቱን ደግሞ በጽሑፍ እንጂ በፎቶ ብቻ አትጻፉ፤ ፎቶ ላይ ያለ ጽሑፍ ሲፈለግ አይገኝም። ቀኑንና ምንጩንም ከምስሉ ሥር ሳይሆን ምስሉ ላይ አስፍሩ፤ ሰው ስክሪኑን ሲያነሳ ከሥር ያለው ይቆረጣል።

ለከተማው ጤና ጽሕፈት ቤት ደግሞ ይህን እንጠይቃለን። አዘጋጆች «ለማን ደውለን እንጠይቅ?» ሲሉ መልሱ አንድ ስምና አንድ ስልክ ይሁን፤ ደብዳቤ ጽፋችሁ አምጡ አይባሉ። ምሽት የወጣ ወሬ እስኪነጋ ከተማውን ያዳርሳል፤ መልሱ ከሦስት ቀን በኋላ ከመጣ ማንም አያነበውም። የወሬ መዝገብ ይከፈት፦ ቃል በቃል ምን ተባለ፣ የት ታየ፣ በየትኛው ጤና ጣቢያ ስንት ሰው ጠየቀ። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ይህን ከማንም በፊት ይሰማሉ። ምላሹ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ እኩል ሰዓት ይውጣ፤ በአንዱ ቋንቋ ብቻ የወጣ ማስተባበያ በሌላው ቋንቋ እንደ ሹክሹክታ ይተረጎማል። «መረጃው ሐሰት ነው» ብቻ አይበቃም፤ የትኛው ክፍሉ እንደሆነ ይነገር፤ አለበለዚያ እውነት የሆነውንም ክፍል ሰው ይጥለዋል።

እስከዚያው ድረስ ያሉት ነፃ መስመሮች እነዚህ ናቸው፦ ስለ ወረርሽኝ ጥርጣሬ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት 8335፣ ስለ አጠራጣሪ መድኃኒት የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን 8482፣ ለአጠቃላይ የጤና ጥያቄ የጤና ሚኒስቴር 952። በልጥፍ የተነገረውን ነገር ወስዶ የታመመ ሰው ካጋጠማችሁ ዕቃውን ከነማሸጊያው ይዞ ወደ ጤና ተቋም ይሂድ፤ ባለሙያው ስለ መድኃኒት ጉዳት በሚሞላው ቢጫ ቅጽ ላይ የሚጽፈው ከማሸጊያው ላይ የሚነበበውን ስምና የምርት ቁጥር ነው። ማሸጊያው ከተጣለ «አንድ ነጭ ክኒን» ከማለት በቀር የሚጻፍ የለም።

ጥናት ተርጉማችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት አንብቡልን ካላችሁን በየምንሠራበት ፋርማሲና ጤና ጣቢያ አለን። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ክፍያ የለውም። የእንግሊዝኛውን ዋናውን ብቻ አብራችሁ አምጡ።

ከሰላምታ ጋር
በጅማ የፋርማሲ፣ የላቦራቶሪና የኅብረተሰብ ጤና ባለሙያዎች

ግልባጭ፦
ለጅማ ከተማ ጤና ጽሕፈት ቤት
ለጅማ ዩኒቨርሲቲ ጤና ኢንስቲትዩት
ጅማ